አንባቢዋ ጡረታ ወጣች

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ የወገብ ሕመምህ ለቀቀህ ወይስ ዛሬም ትራስ ደርበህ ነው የምትቀመጠው? እኛ ደህና ነን። የእማዬ ቀኝ ዓይን ከቀዶ ጥገናው በኋላ ብርሃንና ጥላ መለየት ጀምሯል፤ ፊደል ግን አይለይም። ሐኪሙ ከዚህ የበለጠ አትጠብቁ ሲለን፣ “እኔ መቼ ጠበቅኩ፣ እነሱ ናቸው እንጂ” ብላ አሳቀችው።

ስልክህ ዝግ ስለሆነብኝ በወረቀት መጻፍ መረጥኩ። ወረቀት እንደሆነ ሌላ ሰው ሳያነበው እጅህ ይገባል።

ወሬው እንዲህ ነው፤ አንባቢዋ ጡረታ ወጣች። እማዬ እንደዚያ ነበር የምትጠራት። አንተ ሥራውን ታውቀዋለህ፤ እሷ ግን ለምን ብላ ስትይዘኝ እንዲህ ብዬ አስረዳኋት። ኮምፒውተራችንን የሚያንቀሳቅሰው ስርዓት የማንም ኩባንያ አይደለም፤ በየአገሩ ያለን ሰዎች ከሥራ መልስ በነፃ የምንሠራው ነው። ከብዙ ጥቅሎች ይገጣጠማል። አንዱ ጥቅል ያትማል፣ ሌላው ሙዚቃ ያጫውታል፣ አንባቢዋ ደግሞ ስክሪኑ ላይ ያለውን ዓይነ ስውራን እንዲሰሙት ጮክ ብላ ታነባለች። እያንዳንዱ ጥቅል ጠባቂ አለው፤ ብልሽቱን የሚጠግን፣ የመጣውን ለውጥ መርምሮ እንደ ማኅተም በሚያገለግል በራሱ የፊርማ ቁልፍ የሚያጸድቅ። የአንባቢዋ ጠባቂ እኔ ነበርኩ። ጠባቂ ያጣ ወይም እምነት የማይጣልበት ጥቅል ከስርዓቱ ይወጣል። ጡረታ የምንለው ይህንን ነው።

ለእማዬ የነገርኳት እዚህ ድረስ ነው። የቀረውን ላንተ ልንገርህ።

ባለፈው ዓመት አንድ ሰው እረዳሻለሁ ብሎ መጣ። እውነተኛ ስሙን ማንም አያውቀውም፤ በእኛ ዘንድ ይህ ብርቅ አይደለም። ይቅርታ ሳይጠይቅ ሰላም ስለማይል እኔ ለራሴ “ትሁቱ” ብዬ አወጣሁለት። የሚልከው ጥገና ንጹሕ ነበር። አንባቢዋ የሰው ስም ላይ ስትደርስ የምትንተባተበውን፣ እኔ ተስፋ የቆረጥኩበትን ነገር አስተካከለልኝ። የዚያን ዕለት እማዬ፣ “ዛሬስ ጉሮሮዋን ጠርጋለች” አለች። እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ። ብቻዬን ስገፋው ለኖርኩት ነገር አጋዥ አገኘሁ ብዬ ነበር።

እያደር ግን መጣደፍ አመጣ። ደክሞሻል፣ የማጽደቁን ሥልጣን ለእኔም አካፍይኝ ይላል። እሱ ዝም ሲል ደግሞ የማላውቃቸው ሰዎች ብቅ ብለው፣ ጠባቂዋ ቀርፋፋ ናት፣ ለሚሠራ ሰው ትልቀቅለት እያሉ ሁላችን በምናነበው መድረክ ላይ ይጽፋሉ። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ የትም ያልታዩ ሰዎች ናቸው። ጠረጠርኩ። መልሼ ደግሞ ራሴን ተቆጣሁ፤ ሰው በቅንነት ሲረዳሽ ሌባ የምታደርጊው ምን ሆነሽ ነው ብዬ።

እማዬን ለቀዶ ጥገና ያስገባሁበት ሳምንት ትዝ ይልሃል? ኮምፒውተሬን ቤት ትቼው ነው የሄድኩት። ለሥራ ባልደረቦቼ እንኳ አልተናገርኩም፤ ጥቂት ቀን ነው፣ ማን ይፈልገኛል ብዬ። ላንተ ብቻ በስልክ ነግሬሃለሁ። ይዘሽው ትሄጃለሽ ወይ ብለህ ጠይቀኸኝ፣ “ኧረ አልነካውም” እንዳልኩህ አልረሳሁም።

በማግስቱ ትሁቱ ትልቅ ለውጥ ላከ። ቡድናችንን የሚመራው፣ አባወራው የምንለው ሽማግሌ ዘንድ ሄዶም፣ ጠባቂዋ ሆስፒታል ናት፣ ነገሩ አስቸኳይ ነው፣ እርስዎ ያጽድቁልን ይለዋል። አባወራው ችኮላ አይወድም። ያመመኝ መስሎት ደንግጦ ደወለልኝ። የእማዬን ጫማ በፌስታል ይዤ የቀዶ ጥገናው ክፍል በር ላይ ቆሜ ነበር። “ምን ሆነሽ ነው? ሰውየው ሆስፒታል ናት አለኝ እኮ” አለኝ። “እስክመለስ እንዳትነካው” ብዬው ስልኩን ዘጋሁ። ማን ነገረው? እማዬ ከውስጥ ሆና እኔ የማስበው ይህንን ነበር።

ተመልሼ ለውጡን ፈታሁት። ላዩ እንደ ልማዱ ንጹሕ ነው። ለድምፅ መሞከሪያ ተብሎ በገባ አንድ ፋይል ውስጥ ግን ድምፅ ያልሆነ ነገር ተቋጥሮ አገኘሁ፤ አንባቢዋ ያነበበችውን ሁሉ ሹልክ አድርጎ ወደ ውጭ የሚልክ። ምን እንደምታነብ ታውቃለህ። ዓይነ ስውር ሰው የሚጽፈውን እያንዳንዱን ፊደል ትደግምለታለች። ለሐኪሙ የጻፈውን፣ ለባንኩ የጻፈውን፣ እማዬ ላንተ የምትጽፈውን ሳይቀር።

ለውጡን ጣልነው። ግን ቀድሞ የተቀበልኳቸውንም ጥገናዎች ማመን አቃተኝ። አንባቢዋን መጀመሪያ የሠራት ሰው ሞቷል፤ ሁሉን ከሥር ልፈትሽ ብል አቅም የለኝም። ስለዚህ ከስርዓቱ ትውጣ ብዬ የጠየቅኩትም የፈረምኩትም እኔው ነኝ።

ለእማዬ ሌላ ድምፅ ገጠምኩላት። ሰምታ፣ “ይቺ ደግሞ አፍንጫዋን ይዘዋት ነው እንዴ የምታወራው?” አለች። ተሳሳቅን። ቀጥላም፣ የድሮዋ ምን አደረገችሽ አለችኝ። አረጀች አልኳት። “እኔስ?” አለችኝ።

ኮምፒውተሬ ውስጥ ያለውን የፊርማ ቁልፌን ቀየርኩ። ከዚያን ቀን ወዲህ የትሁቱ ድምፅ ጠፋ። አንተም መደወል ተውክ። ሥራ በዝቶበት ይሆናል፣ መገጣጠም ነው ብያለሁ። ባለፈው ስትመጣ ትኬት ላትም ብለህ ኮምፒውተሬ ላይ ተቀምጠህ በሩን የዘጋኸውም እማዬን ላለመረበሽ ነው ብያለሁ። አዲሱ መሥሪያ ቤትህ ምን እንደሚሠራ በጠየቅኩህ ቁጥር ወሬ የምትቀይረውም ሥራና ቤት መቀላቀል ስለማትወድ ነው ብያለሁ። ስንቱን ልበል?

አንዳንዴ ደግሞ ለትሁቱ አዝንለታለሁ። ከኋላ የሚገፉት ቢኖሩስ? አስፈራርተውት ቢሆንስ? እህት ካለችው ለእህቱ ምነው አልነገራት?

አባወራው ሰውየውን ታውቂዋለሽ ወይ ብሎ ጠይቆኛል። አላውቀውም አልኩት። በወሩ መጨረሻ ግን ሁላችን በተሰበሰብንበት፣ አንባቢዋን ይጠቀሙ የነበሩት ሰዎችም እየሰሙ፣ ደግሞ ይጠይቀኛል። ሁለተኛ አልዋሽም። ከዚያ በፊት ና። ከእማዬ ጋር ብላ፣ ጠጣ፣ ተጫወት፤ እሷ ምንም አታውቅም። ከዚያ እኔና አንተ ወጣ ብለን እንነጋገራለን።

ይህን ስጽፍ አጠገቤ ናት። ምን እያልሽው ነው ስትለኝ ሰላምታ አልኳት። የእኔንም ጨምሪበት ብላለች፦ ጤናህን ያብዛልህ፣ በሄድክበት መልካም ሰው ያጋጥምህ፣ ያሰብከውን ሁሉ ይሙላልህ። የመጨረሻዋን ለመጻፍ እጄ እምቢ ስላለኝ፣ ካሰብከው ይመልስህ ብዬ ለውጬልሃለሁ። ለእሷ ግን እንዳለችው አድርጌ አነበብኩላት።

የምትወድህ እህትህ