ዘፈን ሲዘጋ የሚቆመው ኮምፒውተር

ረቡዕ፣ የካቲት 19

ዛሬም ሁለቴ ቀጥ አለ፣ የጤና ጣቢያው የካርድ ክፍል ኮምፒውተር። ማውዝ የለ፣ ኪቦርድ የለ። ከሰኞ ወዲህ እንዲሁ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፤ የቅበላ ዕለት ከርነሉን፣ ማሽኑን የሚመራውን ዋና ፕሮግራም፣ በአዲስ ተክቼዋለሁ። በግድ ሳጠፋው ደግሞ ውስጡ ያለው የሕሙማን መዝገብ ተጎዳ። መሃል ላይ ዳግም እንዳይቆምብኝ ስለፈራሁ ልጠግነው አልደፈርኩም።

አባ ቢያድግ ከአምባራስ መጥተው የአክታ ምርመራ ውጤታቸውን ሦስት ሰዓት ጠበቁ። ውጤቱ እዚያው ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው። ላቦራቶሪው ወረቀት እንዲተው ያደረግኩት እኔ! መንገድ ላይ ሳይመሽባቸው ተነሡ። እያሳሉ። አፈርኩ።

ዓርብ፣ የካቲት 21

የድሮውን ከርነል መለስኩ። እሱም ቆመ! ደስ አለኝ፣ ወዲያው ፈራሁ። እኔ ካልሆንኩ ማን ነው?

የጣቢያው ኃላፊ እስከ ሰኞ ጊዜ ሰጠኝ። ከዚያ ወረቀት ይመለሳል፣ ማሽኑ መጋዘን ይገባል።

ቅዳሜ፣ የካቲት 22፣ ረፋድ

ደብተሬ፣ ቁጭ ብለህ ስማኝ። የካርድ ክፍሏ እትዬ ዘነቡ ዓመቱን ሙሉ በዚያ ኮምፒውተር ትዝታ ሲከፍቱ ይውላሉ። ዛሬ እንዲያው ሲያወሩ፦ «ለጾሙ ብዬ ዘፈኑን ከዘጋሁ ወዲህ እኮ ነው ያኮረፈኝ።»

ከወንበሬ ተነሣሁ። ድምፁን አጥፍቼ ዘፈን ልክፈት ብላቸው እንቢ አሉ፤ ባይሰማም ዘፈን ዘፈን ነው። የበገና መዝሙር ከፈትን። እስከ ምሳ አልቆመም። ዘጋሁት። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ቀጥ።

ማታ

የፕሮሰሰሩን፣ የማሽኑን አንጎል፣ ሞዴል ፈልጌ አነበብኩ። እንከኑ ከፋብሪካ ነው። ሥራ ሲያጣ ጥልቅ እንቅልፍ ይገባል፣ አንዳንዴ መንቃት ያቅተዋል። ዘፈኑ እንዳይተኛ ይዞት ነበር። ጥፍር በምታህል ነገር ውስጥ የተቀረጸ ስሕተት፤ ማንም ከፍቶ አይጠግነውም። እትዬ ዘነቡ ግን ሳያውቁ ዓመት ሙሉ አለፉት። እግዚኦ!

እሁድ፣ የካቲት 23

ከቅዳሴ መልስ ማስተካከያውን ጻፍኩት። አምስት መስመር፦ ፕሮሰሰሩ ያ ሞዴል ከሆነ፣ ጥልቁ እንቅልፍ ይከልከል። መብራት ትንሽ ይበላል፣ ይብላ። ሃርድዌሩ እንደተሳሳተ ይኖራል፣ የተጻፈ ቃል ግን ዙሪያውን መንገድ ያወጣለታል። ከርነሉ ውስጥ ጨምሬ ጫንኩት።

ሰኞ፣ የካቲት 24

ቀኑን ሙሉ ዝም ባለ ክፍል ሠራ። አንዴም አልቆመም። እትዬ ዘነቡ ለፋሲካ ዘፈኑን እከፍትለታለሁ አሉ፣ የዘፈን ውለታ አለበት ብለው።

መዝገቡን ጠገንኩ። መጀመሪያ የከፈትኩት የአባ ቢያድግን ነው። ቲቢ ተገኝቶባቸዋል። ነርሷን ጠርቼ አስነበብኳት። በሽታው ይድናል፣ ግን መድኃኒቱን ቶሎ መጀመር አለባቸው አለችኝ። ስልክ የላቸውም።

ነገ በጠዋት ከነርሷ ጋር መድኃኒቱን ይዘን አምባራስ እንሄዳለን። ሦስት ሰዓት አስጠብቄ ባዶ እጃቸውን የሰደድኳቸው እኔ ነኝ፤ ቤታቸው ድረስ ማድረሱም የኔ ዕዳ ነው።