ኮርማው በሁዳዴ

ዓርብ

ባለሱቁ ዛሬም ጠየቀኝ። «ኮርማው እንዴት ነው?» ሻማ ልገዛ ነበር የገባሁት። ሻማውን ሰጠኝና ትከሻውን ሰብቆ፣ ክንዶቹን ከጎኑ አርቆ፣ ይልማን እየመሰለ ከባንኮኒው ኋላ ወዲያና ወዲህ ተንጎራደደ። ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ምን እንዳሳቀኝ አላውቅም። እስከ ቤት ድረስ ራሴን እየተሳደብኩ መጣሁ።

ይልማ ኮርማ አይደለም። እኛ ትምህርት ቤት ስፖርት ያስተምራል፤ እኔ ባዮሎጂ። ናዝሬት ነው ያደገው፤ ብረት ማንሳትም እዚያው ነው የለመደው። መሐል ሜዳ ሲመደብ ብረቱን አውቶቡስ ላይ ጭኖ መጣ፤ የመኪና አክሰል ነው፣ ሁለቱ ጫፎቹ ላይ ሲሚንቶ የተሞሉ የዱቄት ወተት ጣሳዎች አሉበት። በመጀመሪያው ሳምንት አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ያላየው ልጅ አልነበረም። በሁለተኛው ሳምንት አዋቂዎቹም ምክንያት እየፈለጉ በዚያ በኩል ማለፍ ጀመሩ።

ጥር ላይ እኔን ሊያገባ ሽማግሌ ላከ። አባባ ገጠር፣ ከቀየት ማዶ ካለው ቤታችን ሳይነቃነቁ ስለ ሰውነቱ ሁሉን ሰምተው ኖሯል። ለሽማግሌዎቹ የሰጡትን መልስ በቃሌ ይዤዋለሁ። «ሁዳዴን የጾመ ሰው እንዲህ አይሆንም። በሬ እንኳ በበጋ ይከሳል። ይህን ሁዳዴ ይጹምና ከፋሲካ በኋላ እንነጋገር።»

ፋሲካ የፊታችን ሳይሆን የሚቀጥለው እሑድ ነው።

ቅዳሜ

ሰው ያለውን ሁሉ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ወፍጮ ቤት ያሉ ሴቶች፦ ሲተኛ በየትኛው ጎኑ ነው የሚተኛው?

ልብስ ሰፊው፦ የሱ እጅጌ ለሌላ ሰው ሱሪ ይወጣዋል።

ወንዶቹ መምህራን፦ ይህን ትከሻ ይዞ ኳስ ከማንጠር ሞፈር ቢሸከም።

የቪዲዮ ቤት ልጆች፦ ከሱ በላይ ቆንጆ ወንድ የለም። (ደብተራቸው ላይ ክንዱን ይስላሉ። ክንዱን ብቻ፤ ሰው የለውም።)

የቀበሌው ሊቀመንበር፦ ለወጣቱ አርአያ ነው፤ ብረቱ ግን በማኅበር ይመዝገብ።

አከራዬ እትዬ ጥሩወርቅ፦ ወንድ ልጅ ጡት አወጣ። አማተቡም።

እማዬ፦ ወንድ መለሎ ሲሆን ነው። አባትሽ በጉብዝናቸው አለንጋ ነበሩ።

ከተማው እንቁላል የጠፋበት በይልማ ነው ያሉም አሉ። ደግሞ በጾም።

አንዳቸውም ግን አንቺስ ምን ትያለሽ ብለው አያውቁም። የማገባው እኔ ነኝ።

እሱ ሁዳዴ ከገባ ጀምሮ እንቁላል በዓይኑ አላየም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማል። ከዚያ ሽሮ፣ ምስር፣ ቆሎ። ብረቱን ከአራተኛው ሳምንት ጀምሮ አላነሳውም፤ ያዞረኛል አለ። ግቢው ውስጥ እንደተጋደመ ነው፤ የአከራዩ ዶሮ ታድርበታለች።

ሆሣዕና፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ይልማ ዘንባባውን ራሱ ላይ አስሮ ከፊቴ ይሄድ ነበር። ያ ሰማያዊ ሸሚዝ፣ ልብስ ሰፊው እያማረረ እጅጌውን ያሰፋለት፣ ችንካር ላይ የተሰቀለ መሰለ። ሁለት ሴቶች በክርን ተጎሻሸሙ። አንዷ ከንፈሯን መጠጠች።

ከንፈር መምጠጥ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። በኮርማነቱ ጊዜ ማንም ከንፈሩን አልመጠጠለትም።

የከፋኝ ሌላ ነው። እኔም ከኋላው እየሄድኩ ትከሻውን ለካሁት። ባለፈው ወር ከየት እስከ የት ነበር፣ ዛሬ ከየት እስከ የት ነው።

ሰኞ

የሕማማት ሰኞ። እጅ አንጨባበጥም፣ አንሳሳምም። ወሬ ግን አልተከለከለም።

እትዬ ጥሩወርቅ በር ላይ ጠብቀው አስቆሙኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አስቱ ልጄ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ። ያ ልጅ እንዲህ የሚረግፈው በጤናው ነው? ሳትጣመሩ ያንን ነገር ይታይ።»

ያንን ነገር። ስሙ በትምህርት ቤቱ አጥር ላይ በቀይ ቀለም ተጽፏል፣ ጤና ጣቢያው በር ላይ ተጽፏል፣ እኔ ራሴ ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስተምረዋለሁ። በአፉ የሚጠራው ሰው የለም።

ልላቸው የፈለግኩት ይህ ነበር፦ የከሳው እየጾመ ነው፤ የሚጾመው አይጾምም ስላላችሁት ነው፤ ወፍራም ሲሆን ከሃዲ፣ ሲከሳ በሽተኛ፤ በየትኛው ኪሎ ላይ ቢቆም ነው የምትተዉት? ያልኩት ግን «እሺ፣ እትዬ» ነው።

ማታ ለይልማ ነገርኩት። አልነግረውም ብዬ ነበር። አክሰሉ ላይ ተቀምጦ ሰማኝ።

«አንቺም ትጠረጥሪያለሽ?» አለኝ።

አይ ለማለት ዘገየሁ። ብዙ አይደለም። እሱ ግን ዘገየሽ አላለኝም፤ ያዳመጠው መዘግየቴን ነው።

«ለአባትሽ ሥጋዬን ሰጠሁ» አለ። «ለሠፈሩ ደግሞ ደሜን ልስጥ። ላንቺ ምን ሊተርፍሽ ነው?»

በሕማማት እንዲህ ይባላል? ተነሥቼ መጣሁ።

ማክሰኞ

ትምህርት ቤት በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ፊቱ ሌሊቱን ያልተኛ ሰው ፊት ነው። እኔም እንመርመር ልለው ነበር፤ ቀደመኝ። «ሁለታችንም» አለ። «አንድ ላይ።»

ጤና ጣቢያው ኮሪደር ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር አለ። ክትባት የሚጠብቁ እናቶች፣ የተማሪ ወላጅ፣ ከወፍጮ ቤት ሴቶች አንዷ። ሁሉም በአንገታቸው ሰላምታ ሰጡን። ነርሷ ጣታችንን ወጋች። ተጠባበቅን። ይልማ ጉልበቱን ያንቀጠቅጥ ነበር፤ እጄን ላስቀምጥበት ፈልጌ ሰው አለ ብዬ ተውኩት።

የለብንም። ሁለታችንም።

ደጅ ስንወጣ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ደስ ብሎት መሰለኝ። አዙሮት ነው።

ረቡዕ

መርምራ ነጻ ናችሁ ያለችን ነርሷ ናት፤ ከሷ ሌላ የሚያውቅ የለም። ጤና ጣቢያ መሄዳችንን ግን ከተማው በሙሉ ያውቃል። ካልጠረጠሩ ለምን ሄዱ? ይኸው ነው ፍርዱ።

ከሰዓት በኋላ መምህራን ክበብ ገባሁ። ሁልጊዜ ሻይ የምጠጣበት ብርጭቆ ከሌሎቹ ተለይቶ ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። ማን እንደለየው አልጠየቅኩም። ጠጣሁበት። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ መንቀጥቀጡንም እንደ ምልክት እንዳያዩት ብርጭቆውን በሁለት እጄ ያዝኩት።

የውጤቱን ወረቀት ግንባራችን ላይ እንለጥፈው?

ሐሙስ

አባባ መጡ። ሳይልኩብኝ። ጥቁሩን በርኖሳቸውን ደርበው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ ደጄ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። እትዬ ጥሩወርቅ ጉልባን አቅርበውላቸው ሁለት ፍሬ ቀምሰው ተዉት።

«ያ ልጅ ነገ የት ነው የሚሰግደው?» አሉኝ።

ለምን እንደሆነ ጠየቅኩ።

«ላየው ነዋ። ስለ ሁለት ሰው ነው ያወሩልኝ፤ አንዱ ኮርማ፣ አንዱ በሽተኛ። ልጄን የሚወስደው የትኛው ነው?»

ላስተዋውቅዎት አልኳቸው። አይሆንም፤ ሽማግሌ ሳይጨርስ አማች ከአማት አይተያይም። እሱ ሳያውቃቸው ነው የሚያዩት። በየትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደሚሰግድና መልኩን ነገርኳቸው። የምርመራውንም ነገር ነገርኳቸው፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ። «አንቺም ታየሽ?» አሉ። አዎ አልኩ። «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። ለሷ ለአንዲቷ ቃል ብድግ ብዬ እግራቸው ላይ ልወድቅ ነበር። ግን ስለ ይልማ ምንም ሳይጨምሩ ዘመድ ቤት ሊያድሩ ሄዱ።

ለይልማ ልንገረው? ከነገርኩት ይጠነቀቃል፣ መጠንቀቁ ያስታውቅበታል። ካልነገርኩት ደግሞ ቢደክመውና ቢቀመጥስ? ሰው ሁሉ ሲሰግድ ተቀምጦ ያገኙታል።

አልነገርኩትም።

ዓርብ፣ ስቅለት

ከጠዋት እስከ ማታ። ጉልበቴ እርሳስ ሆኗል።

ሴቶቹ በኩል ሆኜ ወንዶቹን ከኋላ ነው የማየው። ይወድቃሉ፣ ይነሣሉ። እግዚኦ ሲባል የሜዳው ነጭ ሁሉ አንድ ላይ ዝቅ ይላል። ይልማን ፈለግኩት። በሰልፍም ሆነ በገበያ፣ በምንም ሕዝብ መሐል በትከሻው ለይቼ የማገኘው ሰው ነው። ዛሬ አጣሁት። ከኋላ ሲያዩት ሁሉም ነጠላ ነው፣ ሁሉም ጋቢ ነው።

ያገኘሁት የአባባን በርኖስ ብቻ ነው፤ ብቸኛው ጥቁር። አጠገባቸው አንድ ጋቢ ይወድቃል ይነሣል። እሱ ይሁን ሌላ፣ አላወቅኩም። ጸሎቱን ትቼ የጋቢውን መውደቅና መነሣት ቆጠርኩ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ቅዳሜ

ይልማ ጠዋት የካህናቱን ቄጠማ ግንባሩ ላይ አስሮ መጣ። ከዓርብ ጀምሮ እህል አልቀመሰም፤ አክፍሏል። ዓይኑ ጎድጉዷል። የሚነግረኝ ነገር ነበረው።

ትናንት አንድ በርኖስ የለበሱ ሽማግሌ ከአጠገቡ ሲሰግዱ ዋሉ። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ጉልበታቸው እንቢ አላቸው። እጁን ዘርግቶ አስነሣቸው። እንደገና ሲወድቁ እንደገና። በሦስተኛው ሽማግሌው ቀና ካሉ በኋላ እጁን አልለቀቁም። ክንዱን ጨበጥ አደረጉት። ከዚያ እጃቸውን በጋቢው ሥር አስገብተው ወገቡን፣ ጎኑን፣ የጀርባ አጥንቱን ዳበሱት።

«እንዴት አድርገው መሰለሽ? በግ እንደሚገዛ ሰው። ልሸጥ ነው እንዴ አልኩ።»

«ምን አሉህ?»

«ልጄ፣ የሚመግብህ የለም ወይ አሉኝ። ጾም ነው አባቴ አልኳቸው። ከዚያ መስገዳቸውን ቀጠሉ።»

ሳቅ ያዘኝ፣ ሳቁ መሐል ላይ ተበላሸና ዕንባ ሆነ። አባቴ እኮ ናቸው አልኩት። ቄጠማውን ከግንባሩ ፈታና እጁ ላይ ጠቀለለው።

«ታዲያ ምን ይሉ ይሆን?»

እንጃ። ከሰዓት በኋላ ወደ ቀየት እሄዳለሁ።

ፋሲካ፣ እሑድ

ዶሮው ቀረበ፣ ድፎው ተቆረሰ። እማዬ አጎረሰችኝ። አባባ በልተው፣ ጠላቸውን ጠጥተው፣ እጃቸውን ታጥበው እስኪጨርሱ ስለ በጎቹ ነው ያወሩት።

በመጨረሻ ወደ እማዬ ዞሩ፤ ወደኔ አይደለም።

«ያን ልጅ ዳበስኩት» አሉ። «ኮርማ ነው ብለው ሲያስፈራሩኝ ከረሙ። ሽንጡ ባዶ ነው። አጥንቱን ቆጠርኩት። እንኳን ኮርማ ሙክት አይወጣውም።»

«ሙክቱስ ይቅር» አለች እማዬ። «ሠርግ ነው ያለብን።»

አባባ ሳቁ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እማዬ ስለ ሕመሙ ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት እጃቸውን አነሡ።

«የታመመ ሰው ሦስት ጊዜ አያነሣኝም። የተራበ ነው። ደግሞ ያስራብኩት እኔ ነኝ፤ ጹም አልኩት፣ ጾመ። ሽማግሌዎቹ ይምጡ በሉ።»

ደጅ ወጥቼ ከገብስ ክምሩ ኋላ ቆምኩ። ነፋሱ ይቆርጣል። የማለቅስ መስሎኝ ነበር፤ አላለቀስኩም። ተናደድኩ። ሁለት ወር ሙሉ የሰው ልጅ በዓይን ተመዘነ፣ በወሬ ተመዘነ፣ መጨረሻ ላይ በእጅ ተዳብሶ ተፈታ። ደስታዬ ከንዴቴ ኋላ ቀስ እያለ ነው የመጣው።

ሰኞ፣ ማግስት

ተጭኜ ነው የተመለስኩት። ግማሽ ድፎ፣ አንድ ቅል ቅቤ፣ የበግ ወርች፣ እንቁላል በገለባ ተጠቅልሎ። ሁሉም ለሱ። «ትንሽ ይሙላ» ብላለች እማዬ። ትንሽ ማለት ስንት ነው ብዬ ብጠይቃት ያቺ የመለሎ ወዳጅ ክንዷን ዘርግታ አሳየችኝ፤ ትንሽ አልነበረም።

ሚኒባሱ ውስጥ እንቁላሉን ጭኔ ላይ አድርጌ መጣሁ። የከተማው እንቁላል በይልማ አለቀ ሲሉ የነበሩት አጠገቤ ተቀምጠው ሊሆን ይችላል።

እትዬ ጥሩወርቅ በር ላይ ነበሩ። ወሬው ከኔ ቀድሞ ደርሷል። እልል አሉ፣ ሳሙኝ። ከዚያ ወርቹን በዓይናቸው መዝነው፣ «አይዞሽ፣ ይመለስለታል» አሉ። «ያኔ ትከሻው ሞልቶ ብቅ ሲል እኮ እንዴት ያምር ነበር።»

ያማተቡበት ትከሻ ነው። አንድ እንቁላል ሰጠኋቸው።

ይልማ ዘንድ ሄድኩ። ግቢው ውስጥ ቆሞ ነበር። ዶሮዋን ከአክሰሉ ላይ አስነሥቷት አንዱን ጣሳ በእግሩ ወዲያና ወዲህ ያንከባልላል፤ ሊያነሣውም ሊተወውም ይመስላል። አባባ ያሉትን ነገርኩት። ቃል በቃል፣ ከሙክቱ በቀር። ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። ቆየና ዞረ።

«ሁሉም ተናገረ» አለ። «አንቺ ብቻ ቀረሽ። የቱ ይሻልሻል፣ የድሮው ወይስ ያሁኑ?»

በመጨረሻ የጠየቀኝ ሰው እሱ ነው። ስንት ሳምንት ጥያቄውን ስጠብቅ፣ ማንም አይጠይቀኝም ብዬ ስናደድ ኖሬ መልስ አልነበረኝም። የድሮው ብለው ነገ ብረቱ ሥር ይሞታል። ያሁኑ ብለው ይህን ወርች አይነካውም። ደግሞ ሁለቱም እውነት አይሆንም። እንደ ሰኞው እንዳልዘገይ ፈራሁ። አየሁት፣ ከላይ እስከ ታች፣ መለካቴን ትቼ። በሁዳዴም በፍስክም ያልተለወጠ አንድ ነገር አገኘሁ።

«ጆሮህ» አልኩት።

«ጆሮዬ ምን ሆነ?» በሁለት እጁ ያዛቸው።

ትንንሽ ናቸው፤ ለዚያ ሁሉ ሰውነት የተሰጡ አይመስሉም፤ ሲያፍር ጫፋቸው ብቻ ይቀላል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እነሱን ነው የማየው። ይህን ስነግረው ቀሉ። ሳቀ። ከጾሙ መያዣ ወዲህ ሲስቅ አልሰማሁትም ነበር።

ብረቱን ዛሬ አላነሣም። ነገ ያነሣ እንደሆነ እሱም አያውቅም፣ እኔም አልጠየቅኩትም። ሽማግሌዎቹ ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ይሄዳሉ።

የጆሮውን ነገር ግን ለማንም አልናገርም። ብናገር ነገ ከተማው በሙሉ ጆሮውን ማየት ይጀምራል።