በንብ ቀፎ ውስጥ የቆየው ጽዋ

ቢርክንባህ
ማክሰኞ፣ ሜይ 24 ቀን 1994

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለሲሞን፣

እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህስ ተሻለህ? ኑረምበርግ ያሉት ልጆችህና የልጅ ልጆችህ ደህና እንደሆኑ አምናለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ድንቹን ተክዬ ጨርሻለሁ። ከእኛ ከጀርመን ዘር ሳክሶኖች መንደሩ ውስጥ የቀረነው ዘጠኝ ሰዎች ብቻ ነን፤ ባለፈው ወር እነ ሾብል ቤታቸውን ዘግተው ወደ እናንተ መጡ።

አሁን የምጽፍልህን ቁጭ ብለህ አንብበው። ጽዋው ተገኝቷል።

አዎ፣ ያ ጽዋ። በ1945 የብርድ ወራት ሩሲያውያን ሰዉን በግዞት ወደ ማዕድን ጉድጓድ ሲወስዱት ከቤተ ክርስቲያናችን የጠፋው። አባባ የንብረቱ ጠባቂ ስለነበር ከአራት ዓመት ግዞት ሲመለስ "የት አደረስከው?" አሉት። "ደህና እጅ ላይ ነው" ብሎ ዝም አለ። ከዚያ በኋላ የደረሰብንን ላንተ አልነግርህም። እሱን አደራ በላ፣ አንተን የአደራ በላ ልጅ ሲሉ እየሰማህ ነው ያደግከው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከፋሲካ በኋላ እማማ ዶምኒካ፣ የላይኛው ሰፈር የኦርቶዶክሱ ቄስ ሚስት፣ ወድቀው ወገባቸውን ተሰበሩ። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። እኔን አስጠሩኝ።

"አንቺ ልጅ" አሉኝ፤ ሃምሳ ስድስት ዓመቴ መሆኑን ረስተዋል፤ "አንድ ነገር ትጠይቂኛለሽ ብዬ ስጠብቅ አረጀሁ እኮ።"

"ምን ብዬ ልጠይቅዎት ኖሯል?"

"የአባትሽን አደራ ነዋ! ባሌ ሲሞት ቃል አስገብቶኛል። ከኬስለር ቤት መጥቶ ለጠየቀ ስጪ፣ ላልጠየቀ ትንፍሽ እንዳትይ ብሎ። እናንተ ደግሞ ኩሩ ናችሁ፤ የኛን ደጅ አትረግጡም። እንግዲህ ሞት ሊቀድመኝ ነው። ያንን ሣጥን ክፈቺው።"

ከአንሶላዎቹ ሥር፣ በአሮጌ የቅዳሴ ልብስ ተጠቅልሎ ነበር። ገለጥኩት። ብሩ ጠቁሯል፤ ሰም ሰም ይሸታል። ሲሞን፣ በሁለት እጄ ይዤ አልጋው ላይ አስቀመጥኩት።

እንደነገሩኝ፣ አባባ በግዞት በተወሰደበት ቀን፣ ጠዋት፣ ጽዋውን በወተት ባልዲ ውስጥ አድርጎ ሰው ሁሉ እያየው ለባላቸው ለቄሱ ይዞላቸው ሄደ። ቄሱ ባዶ የንብ ቀፎ ውስጥ አስገብተው ንብ ከሰፈረባቸው ቀፎዎች መሀል አቆሙት። ሃያ ዓመት እዚያ ቆይቶ በኋላ ወደ ሣጥኑ ገባ። ወታደሮቹም ፈተሹ፣ በኋላም የብር ዕቃ የሚሰበስቡት የመንግሥት ሰዎች ፈተሹ፤ ቀፎ የከፈተ ግን የለም።

"ታዲያ አባባ ሲመለስ ለምን አልወሰደውም?" አልኳቸው።

"ሊወስድ መጥቶ ነበር። በዚያው ሳምንት ፍተሻው ቤት ለቤት ሆነ። ባሌ 'ግድ የለህም፣ ለፓስተርህ እንኳ ንገረውና ስምህን አጥራ' አለው። አባትሽ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ? 'አንድ ሰው ካወቀ መንደሩ ያውቃል። ስሜ ይቆይ' አለ።"

በሳምንቱ ከሄርማንሽታት ከተማ አንዲት ወጣት የቅርስ ባለሙያ መጣች፤ ዶክተር ኢርምጋርድ ይሏታል። ጽዋውን አጽድታ መስኮቱ ዘንድ እያዞረች አየችው። እኔም አጠገቧ ቆሜ እንደ አዲስ አየሁት። እግሩ እንደ አበባ ስድስት ቅጠል አለው። አንገቱ የቤተ ክርስቲያን ግንብ ይመስላል፤ መስኮቶቹ ከገብስ ፍሬ አይበልጡም፣ ግን ብርሃን ያሳልፋሉ። በመያዣው ዙሪያ የኢየሱስ ስም በስድስት የላቲን ፊደል ተቀርጿል። ከአምስት መቶ ዓመት በፊት እዚያው ሄርማንሽታት የተሠራ ነው አለች። ያሠራችው ባርባራ የምትባል የቆዳ ነጋዴ ሚስት ናት፤ ባሏ ከቱርኮች ጋር ሲዋጋ ሞቶባት፣ ለነፍሱ። ስሟ እግሩ ላይ አለ።

"ላዩ ግን ሌላ ነው" አለች። "በፊት ከጽዋው የሚጠጣው ቄሱ ብቻ ነበር። ሰዎቻችሁ የሉተርን እምነት ሲቀበሉ ሁሉም መጠጣት ስላለበት ትንሹን አፍ አንስተው በኋላ ይህን ትልቁን አደረጉለት።"

ከዚያ ገለበጠችው። በእግሩ ውስጥ፣ ሰው በማያየው በኩል፣ በጩቤ ጫፍ የተጫረ ጽሑፍ ሞልቷል። በአጉሊ መነጽር አነበበችልኝ። በ1602 ሉካስ የሚባል ሰው በውኃ ጉድጓድ ውስጥ ደብቆ አተረፈው። በ1658 ታታሮች ወሰዱት፤ የመንደሩ ሴቶች የብር ቀበቷቸውንና የራስ ጌጣቸውን ሰጥተው አስመለሱት። ሌሎችም አሉ፣ እያንዳንዱ ከነዘመኑ። ከሁሉም በታች "ጌ. ኬ. 1945 አደራ" ይላል።

"ይህን የማን እንደሆነ አላወቅንም" አለች።

እኔ ግን አወቅኩት። አባባ በደብተሮቻችን ሽፋን ላይ ስማችንን ሲጽፍ "ኬ"ን እንዴት እግሯን እንደሚያስረዝማት ታስታውሳለህ። ሰላምታ የተነፈገው አባታችን፣ እንጨት ፈልጦ ያደረ አባታችን፣ ከእነዚያ ሰዎች ሥር ተሰልፎ አየሁት።

እሑድ በጰራቅሊጦስ በጽዋው ቆረብን። እማማ ዶምኒካን የልጅ ልጆቻቸው በወንበር ተሸክመው አመጧቸውና በአባባ ቦታ ተቀመጡ። ሽማግሌው ሚካኤል ቶት ትዝ ይልሃል፣ የአባባን ሬሳ አልሸከምም ያለው? ጽዋው ሲደርሰው ያዘውና ሳይጠጣ ቆየ። ፓስተሩም ታገሠው። ስንወጣ ደጃፉ ላይ ጠበቀኝና "ሄርሚነ፣ ይቅር የሚለኝ ሰው ሞቷል" አለኝ። እጁን ያዝኩት።

ዘጠኝ ሽማግሌ ይህን ያህል ነገር መጠበቅ አይችልምና ጽዋው ሐሙስ ወደ ሄርማንሽታት ግምጃ ቤት ይሄዳል። ተስማምተናል።

አንድ ነገር ልንገርህ፤ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። አባባ ሊሞት አንድ ሳምንት ሲቀረው ሾርባ እያጎረስኩት "ለእኔ ብቻ ንገረኝ፣ ሸጠኸዋል?" አልኩት። አየኝና "ሾርባው ጨው አንሶታል" አለኝ። እኔም ጠርጥሬዋለሁ። ስለዚህ ለቀብሩ አልመጣህም ብዬ የምወቅስህ እኔ አይደለሁም።

የተጫረውን ጽሑፍ ወረቀት ለጥፌ እርሳስ እያሸሁበት አትሜዋለሁ፤ እዚህ ውስጥ አለልህ።

ትናንት መቃብሩ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም አወራሁት። የሚካኤልን ነገርኩት፣ የባርባራንም ነገርኩት። ከዚያ "ሲሞን ሰላም ብሎሃል፤ ለወይን ለቀማው ይደርሳል" አልኩት። ይህን ደብዳቤ ገና አልጀመርኩትም ነበር፤ እንግዲህ ውሸታም አታድርገኝ።

እግዚአብሔር ቤትህን ይባርክ፣ መንገድህንም ያቅናልህ።

እህትህ
ሄርሚነ ኬስለር