ፍጡሩ በየት በኩል ይምጣ?

ለክቡር አቶ ታደሰ፣
የወረዳችን የፈጠራ ጽሑፎች አቅጣጫ ክትትል ዴስክ ኃላፊ፣
ባሉበት።

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ በተለይም ሁሉን ለሚሰማው ጆሮዎ ሙሉ ጤንነት እንዲሆንልኝ ያለኝን ምኞት በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ። እኛ ደህና መሆን አለመሆናችንን ከእኛ ቀድመው ስለሚያውቁት በዚህ ጊዜዎን አላባክንም።

እኔ መርሳ ከተማ የባጃጅ መለዋወጫ የምሸጠው ይታገሱ ደሳለኝ ነኝ። እሑድ ከሰዓት በኋላ በሱቄ ጓዳ፣ በጎማና በዘይት ቆርቆሮ መካከል፣ አራት በርጩማ ላይ የምንቀመጥ አራት ጀማሪ ጸሐፊዎች ነን። ሮቤል ከወልድያ መርሳ ሚኒባስ ይነዳል፤ ናጅዋ ውርጌሳ ታስተምራለች፤ ጋሽ ፈንታው ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። የምናቅደውም ከወልድያ ደሴ በሚወስድ አንድ ጉዞ ተነቦ የሚያልቅ፣ ሽፋኑ ላይ ዐይኑ የበዛ ጭራቅ የተሳለበት፣ ርካሽ የአስፈሪ ልብወለድ ነው። ሰው ከመፈጠሩ በፊት የነበረ፣ ከከዋክብት ማዶ የሚኖር ስም የለሽ ፍጡር መርሳ ይገባል፤ ያየው ሰው ሁሉ የገዛ ስሙን ይረሳል። ታሪኩ ይኸው ነው። ለዚህ ለማይረባ ሥራችን ክቡርነትዎ ስላደረጉልን ድጋፍ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፣ ጂኦግራፊ ስላስተማሩን። ፍጡሩን በሰሜን በኩል ልናስገባው ስናስብ ቢሮዎ ጠርተው «ሰሜን ስትሉ እነማንን ነው?» ብለው ጠየቁን። ያየነውን ያየን ሰዎች ነንና ጥያቄው የቂል ነው ብዬ አልዋሽም። በደቡብ ብናስገባው መንግሥትን፣ በምሥራቅ ብናስገባው ጎረቤትን፣ በምዕራብ ብናስገባው ደገኛውን መንካታችን እንደሆነ በትዕግሥት አስረዱን። ጋሽ ፈንታው ዕድሜያቸውን በሙሉ አራቱን አቅጣጫዎች ሲያስተምሩ ኖረው፣ አራቱም የተያዙ መሆናቸውን የተረዱት ያን ዕለት ነው። እንግዲያው ከሰማይ ይውረድ ብንል ፊትዎ ተለወጠ፤ ተነሥተው በሩን ዘጉና ከሰማይ ስለሚወርድ ነገር ሁለተኛ እንዳናነሳ አስጠነቀቁን። እኛ ለካ እስከዚያ ድረስ የምንጽፈውን አስፈሪ መጽሐፍ ራሳችን አልፈራነውም ነበር።

ሁለተኛ፣ መጽሐፋችን ሳይጻፍ አንባቢ ስለሆኑልን። ሮቤል አንድ እሑድ «መርሳት ከመርሳ ሌላ የት ሊጀምር ኖሯል?» ብሎ ቀልዶ ነበር። ይህን ቀልድ ከአራታችን በቀር የሰማው ሰው አልነበረም። በሳምንቱ ግን ክቡርነትዎ ያንኑ ቀልድ፣ የሮቤልን ድምፅ አወጣጥ ሳይቀር፣ ወንበርዎ ላይ ተደላድለው ደገሙልኝ። እውነቱን ለመናገር ከሮቤል ይልቅ እርስዎ ያሳምሩታል። ከዚያ ወዲህ ግን ጓዳዬ ጓዳ መሆኗ ቀረ። ጋሽ ፈንታው፣ ሹፌር ስንቱን ጭኖ ከስንቱ ያወራል ብለው ሮቤልን ጠረጠሩ። ሮቤል በቀልዱ ስላልሳቀች ናጅዋን ጠረጠረ። ናጅዋም ማንም ሳይጠይቃት «ወላሂ እኔ አይደለሁም» ስላለች እኔ ደግሞ እሷን ጠረጠርሁ። ስልኮቻችንን ባዶ የዘይት ቆርቆሮ ውስጥ ከተን፣ ክዳኑን ገጥመን፣ አንዳችን የሌላችንን አፍ እያየን እንቀመጥ ጀመር። አንድ ዐረፍተ ነገር ሳንጽፍ ማንጎ በልተን የተለያየንባቸው እሑዶች ብዙ ናቸው።

እኔን ያስጨነቀኝ መጽሐፉ አልነበረም። መጽሐፍ ቢቀር ይቀራል። እነዚህን ሦስት ሰዎች ግን እወዳቸዋለሁ፤ ሳምንቱን ሙሉ ስለ ፍሬን ሸራና ስለ ካንዴላ ሳወራ ከርሜ ስለ ከዋክብት የማወራው ከእነሱ ጋር ብቻ ነው። ስለዚህ ወሬ አቀባዩን አንዱን ለይቼ ሁለቱን ላተርፍ ፈለግሁ።

ሦስተኛ፣ ይህችን ተንኮሌን ከታሰበው በላይ ስላሳኩልኝ። እያንዳንዳቸውን ለብቻ ጠርቼ፣ ለማንም እንዳይናገሩ አስምዬ፣ የፍጡሩን መምጫ ነገርኋቸው። ለሮቤል ከውርጌሳ ድልድይ ሥር ይወጣል አልሁት። ለናጅዋ ከደረቀ የውሃ ጉድጓድ ይወጣል አልኋት። ለጋሽ ፈንታው ደግሞ በስልክ ማማ ላይ ተጠምጥሞ ይወርዳል አልኋቸው። ከዚያ ጥሪዎን ጠበቅሁ፤ እርስዎም አላስጠበቁኝም። ሻይ አስመጥተው፣ ስኳሩን በገዛ እጅዎ አማስለው፣ አባት ልጁን እንደሚመክር መከሩኝ፤ ድልድይ የሕዝብ ሀብት ስለሆነ ይቅር፣ ጉድጓድ የልማት ሥራ ስለሆነ ይቅር፣ የስልክ ማማም ስሱ ጉዳይ ስለሆነ ይቅር። እኔ ለአንዱ የነገርሁትን ብቻ ስጠብቅ እርስዎ ለሦስቱም የነገርሁትን በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት። ሻዩ ትን ሲለኝ ጀርባዬን መታ መታ ስላደረጉልኝም አመሰግናለሁ።

አራተኛው ምስጋና የእኔ ሳይሆን የጓደኞቼ ነው፤ እነሱ ስለሚያፍሩ እኔ ላድርስላቸው። የሮቤል የስምሪት ፈቃድ ያለ ምልልስ ታድሷል። ናጅዋ ወልድያ ወደምትኖረው ሕመምተኛ እናቷ ስትለምነው የኖረችው ዝውውር ተፈቅዶላታል። «ለማጣራት» ተብሎ ተወስዶ የነበረው የጋሽ ፈንታው ልጅም ቤቱ ገብቷል። በቁጣ ነድጄ ልሰድባቸው ቤታቸው ድረስ ሄጄ ነበር፤ ሽማግሌው የልጃቸውን እጅ ይዘው፣ እንዳይሄድባቸው እንደሚፈሩ ሁሉ ሳይለቁት ሲያወሩ አየሁ። እንዴት አደሩ ብዬ ተመለስሁ። እኔስ ብሆን ምን አደርግ ነበር? ይህንም እርስዎ ሳያውቁት አይቀሩም።

በዚህ መሀል ቢሮዎ ሲመላለስ አገር ያየው እኔን ብቻ ነውና ወሬ አቀባዩ ይታገሱ ነው ብለው ሦስቱም በአንድ ድምፅ ተስማምተዋል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ያውቃሉ፤ ቢሆንም በአንድ ነገር ሲስማሙ ከወራት በኋላ ይህ የመጀመሪያቸው ስለሆነ አልፈረድሁባቸውም። ባለፈው እሑድ አንዳቸውም አልመጡም። ማንጎውን ላጥሁና ብቻዬን ተቀመጥሁ። አራት ጸሐፊዎችን ያለ ዱላ፣ ያለ ወረቀት፣ በሻይ ብቻ የበተነ ሌላ ኃላፊ በዙሪያችን ስለ መኖሩ አልሰማሁም።

ክቡርነትዎ ጆሮዎ በደረሰበት ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚኖር፣ አራቱን አቅጣጫዎች ለባለቤቶቻቸው ያስረከበ፣ ለሻዩም ለምክሩም ውለታ ከፋይ ያድርገኝ የሚል ትሑት ደንበኛዎ፣

ይታገሱ ደሳለኝ
ከመርሳ

ግልባጭ፦ ለሮቤል፣ ለናጅዋ፣ ለጋሽ ፈንታው (እሑድ ቢመጡ)።

ማሳሰቢያ፦ የወሬ አቀባይ ስም ከወጣልኝ ላይቀር ግብሩንም ልፈጽም ብዬ፣ ለማንም ያልነገርሁትን የፍጡሩን እውነተኛ መምጫ ለክቡርነትዎ አቀብላለሁ። ፍጡሩ ከየትም አይመጣም፤ ከገባ ቆይቷል። ባለፈው እሑድ ብቻዬን ሆኜ በርጩማዎቹን ብቆጥራቸው አምስት ሆኑብኝ፤ አምስተኛውን ማን እንዳመጣውና ከመቼ ጀምሮ ከመካከላችን እንዳለ ላስታውስ አልቻልሁም። ስለ እሱ ሌላ ማወቅ የሚፈልጉት ነገር ካለ እኔን ይጠይቁኝ፤ የጋሽ ፈንታውን ልጅ ግን ይተዉት።