ዘጠኝ ቁጥር የተመታበት ድልድይ

ለውድ ወንድሜ ለአርንፊን፤

ባለፈው ሰኞ ጠዋት የማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኞች ወደ ሆልመን ደሴት የሚያሻግረውን የእግረኛ ድልድይ በሰንሰለት ዘጉት።

ሰላምታውን ማስቀደም ነበረብኝ፤ ብዕሬ ቀድሞኝ ነው፣ ይቅር በለኝ። ለመሆኑ እንዴት ከረምክ? ሳልህስ? ጠዋት ጠዋት ደረትህን የሚያፍንህ ነገር ተወህ ወይስ የስፔን ፀሐይም አላሸነፈችውም? ባለቤትህ ቦርግኒስ እንዴት ናት? ጉልበቷ ደረጃ ያስወጣት ጀመር? እንቅልፋችሁስ፣ ምግባችሁስ? የዚያ አገር ዓሣ ጣዕም የለውም እያልክ ታማርር እንደነበር አልረሳሁም። እኛ ደህና ነን። ባለቤቴ ማግኒ የአረጋውያን መኖሪያ ሥራዋን አላቋረጠችም፤ የወገብ ሕመሟም ከብርዱ ጋር ሄዷል። በረዶው ከጓሮ ጠፍቷል፣ ከተራራው ጫፍ ግን ገና ነው። ቤትህን የተከራዩት ባልና ሚስት በጥሩ ይዘውታል፤ የሰሜኑን ግድግዳ ራሳቸው ቀለም ቀብተውታል።

አሁን ወደ ድልድዩ ልመለስ። በፋሲካ ማግስት እኔና ሲኔቫ መረብ ልናነሳ በጀልባ ስንወጣ በሥሩ አለፍን። ልጄ ቀና ብላ አየችና «አባዬ፣ ሞተሩን አጥፋ» አለችኝ። ከሦስተኛው አግዳሚ ብረት ሥር፣ የብየዳው መስመር ካለበት ጎን፣ እንደ ክር የቀጠነ የዝገት መስመር ወርዷል። ጀልባው ላይ ቆማ በጣቷ ዳሰሰችው። ስንጥቅ ነው። ከአጠገቡ ያለው ቁጥር ዘጠኝ ነው። ወደ ቀጣዩ አግዳሚ ገፋን፤ እዚያም አንድ አለ፣ እዚያም ዘጠኝ። ሲኔቫ የስንጥቁን ጫፍ በነጭ ቀለም ምልክት አደረገችበትና በማግስቱ ለማዘጋጃ ቤቱ አመለከተች። ሰኞ ዕለት ሲመጡ ስንጥቁ ምልክቱን በአንድ ጣት ስፋት አልፎት ነበር። በሳምንት ውስጥ ማለት ነው። ያን ጊዜ ነው ሰንሰለቱ የመጣው።

ድልድዩ የአንተ ክፍል ሥራ መሆኑን ልነግርህ አልነበረም ይህን የጻፍኩት። ትምህርት ቤቱ ያሠራቸው አሥራ ሁለት ልጆች፣ ለእያንዳንዳቸው አራት መጋጠሚያ፣ በድምሩ አርባ ስምንት። የበየደ ሁሉ የራሱን ቁጥር ከመስመሩ አጠገብ በመዶሻ ይመታል፤ ይህን ደንብ ወደ ወርክሾፑ ያመጣኸው አንተ ነህ። «ነገ አንድ ሰው ከሥሩ ቆሞ ማን ሠራው ብሎ ቢጠይቅ፣ ብረቱ ራሱ ይመልስለት» ትላቸው ነበር። ጡረታ ስትወጣ የቁጥር መምቻዎቹን ከፎቶግራፍህ ጎን ግድግዳው ላይ ሰቅለውልሃል፤ ዛሬም እዚያው ናቸው።

ድልድዩ የተሠራበትን ዓመት ፌብሩዋሪ ታስታውሳለህ። አዲሱ የቀሪ ደንብ የመጣበት የትምህርት ዓመት ነው፤ ከአሥር እጅ አንዱን እጅ ያለፈ ቀሪ ያለበት ተማሪ ውጤት አይሰጠውም። ኮድ የሚባለው ዓሣ ደግሞ ያን ዓመት እንደ ጉድ መጣ፤ አራት ተማሪዎች ከአባቶቻቸው ጋር ወደ ባሕር ወጡ። የእኔን ልጅ የወሰድኳት እኔ ነኝ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ፤ ጀልባዬ ላይ ሰው ጎድሎብኝ ነበር። አንተም «ሂዱ፣ ዓሣው አይጠብቅም፤ ብረቱ የትም አይሄድም» አልካቸው። ብረቱ ግን አልጠበቀም፤ ማዘጋጃ ቤቱ ድልድዩን ለሜይ 17 ብሔራዊ በዓል ፈልጎት ነበር። የቀሩት ስምንቱ ልጆች የጓደኞቻቸውን ድርሻ በየዱ፤ ባሕር የወጡት ሰዓት እንዳይጎድልባቸውም የእነሱን ቁጥር መቱበት። ማናችንም እንደ ማጭበርበር አላየነውም። የሰፈር ደግነት ነው ብለን ነበር። ስንመለስ ማግኒ ኮዱን ከነጉበቱና ከነዕንቁላሉ ቀቅላ በትልቁ ድስት ወርክሾፑ ድረስ ወሰደችላቸው። አንተም በልተሃል፤ ሁለቴ ተጨምሮልህ።

ማክሰኞ ዕለት የማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲስ ራንዲ ወላጆችን በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሰብስባ ዕቅዷን ነገረችን። ዘጠኝ ቁጥር ያለባቸው አራት መጋጠሚያዎች ተፍቀው እንደገና ይበየዳሉ፣ ቀለም ይቀባሉ፣ ድልድዩ ለበዓሉ ይከፈታል። «ሌሎቹስ?» ብዬ ጠየቅኳት። «ሌሎቹን በዓይን አይተናቸዋል። ውስጡን የሚያሳየው መሣሪያ ከቦዶ ከተማ የሚመጣው በጁን ነው፣ ተራ አለው። ግን ምን ያስጨንቅሃል ሃልቫርድ? ብረቱ ላይ ተጽፏል እኮ። ጥፋቱ የአንድ እጅ ነው» አለችኝ። ዘጠኝ የሲኔቫ ቁጥር መሆኑን የማያውቅ ሰው አዳራሹ ውስጥ አልነበረም። ማንም ወደ እኔ አልዞረም፤ ቢዞሩ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ የልጄ ስም ዘጠኝ ሆኗል። ተለማማጅ ሆና በምትሠራበት የመርከብ ጥገና፣ ወደ ምሳ ክፍሉ ስትገባ አንዱ ሽማግሌ «ዘጠኝ መጣች፣ ወንበሩን ያዙት!» ብሎ ጮኸ አሉ። እሷም «አንተን ሠላሳ ዓመት የተሸከመ ወንበር እኔን አይፈራም» ብላው ሁሉም ሳቁ። መልሱ ጥሩ ነበር። ምሳዋን ግን እንደታሰረ ይዛው ወደ ቤት መጣች።

ማታ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠን እንዲህ አለችኝ፦ «አባዬ፣ ቁጥሩ የእኔ ነው፣ እጁ ግን የእኔ አይደለም። ራንዲ የምትጠግነው ቁጥር ነው እንጂ ብየዳ አይደለም። የእኔን አራቱን የበየደ ሰው የራሱንም አራቱን በይዷል፤ የሌሎቹን የሦስቱን ድርሻም ማን እንደነካው አላውቅም። እነዚያን ማንም አይነካቸውም። ልጆቹ በነሱ ላይ ነው የሚሄዱት።» አንድ ነገር ልንገርህ፦ በፋሲካው «ስንጥቁን አመልክቺ፣ የባሕሩን ነገር ግን ተዪው፣ ለፈተናሽ የቀረሽ ስድስት ሳምንት ነው» ያልኳት እኔ ነኝ። ሦስቱን ሳምንት ባሕር ላይ እንደነበረች ከተናገረች የዚያ ዓመት ውጤቷ ይነሳል፤ ያለ እሱ ደግሞ በጁን የሙያ ፈተናውን አትቀመጥም። ሁለት ዓመት ትምህርት ቤት፣ ሁለት ዓመት ልምምድ፣ ሁሉም እዚያ ላይ የቆመ ነው። ራንዲ በቁጥር ያመነችው እኛ ዝም ስላልን ነው። ይህን በማንም ላይ አላላክክም።

ትናንት ዮስታይን ደወለላት። ከስምንቱ አንዱ ነው፤ አሁን ባሕር መሐል ነዳጅ ማውጫው ላይ ይሠራል። «ዘጠኝ ቁጥር ካለባቸው ከአራቱ ሁለቱን የበየድኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም» አላት። «ሦስት ቁጥር የተመታበትንም ነክቻለሁ። የብየዳ ዘንጉን፣ ኤሌክትሮዱን፣ የምናደርቅበት ምድጃ ተበላሽቶ አልነበር? ጥቂት ቀን በእርጥቡ ነው የበየድነው። የትኞቹ ቀናት እንደነበሩ፣ ማን ምን እንደሠራ ግን ብትገድይኝ አላስታውስም። መምህሩ በግራጫው ደብተር ይጽፈው ነበር።» ሲኔቫ እንደነገረችኝ፣ በእርጥብ ኤሌክትሮድ የተበየደ ብረት ከላይ ሲያዩት ያማረ ነው፤ ክፋቱ ከውስጥ ነው የሚጀምረው። ይህን ያስተማርካት አንተ ነህ።

እንግዲህ ይህን ደብዳቤ የጻፍኩበት ምክንያት ግራጫው ደብተር ነው፣ ወንድም ዓለሜ። ለትምህርት ቤቱ የምታስገባው መዝገብ አንድ፣ ለራስህ በእርሳስ የምትጽፈው ደግሞ ሌላ ነበር፤ ማን በእውነት እንደመጣ፣ ማን የማንን ድርሻ እንደበየደ፣ ምድጃው መቼ እንደተበላሸ። ሰኞና ማክሰኞ ደወልኩልህ፣ አላነሳህም። ትናንት አነሳህና «የምን ደብተር?» ብለህ ዘጋኸው። አልተቀየምኩህም። ነገር ግን ስትሄዱ የመሣሪያ ሣጥንህን ያሸግኩት እኔ ነኝ። ደብተሩን በአሮጌው የቆዳ ጓንትህ ጠቅልዬ ከመዶሻዎቹ ሥር ያስቀመጥኩት በገዛ እጄ ነው።

የምትፈራውን አውቃለሁ፣ እኔም ፈርቼዋለሁ። ደብተሩ ከወጣ ፎቶግራፍህ ከግድግዳው ይወርድ ይሆናል። አውራጃው የብረታ ብረት ክፍሉን ለመዝጋት ሰበብ ሲፈልግ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ይህ ከእጁ አይወድቅም። በአንተ ቦታ የተተካው ኦድቫር፣ የገዛ ተማሪህ፣ ትናንት ወደብ ላይ አግኝቶኝ «ሃልቫርድ፣ አሁን እኔ ጋ አሥራ አንድ ልጆች አሉ። ወዴት ልበትናቸው?» አለኝ። ዓይኑን ማየት ከበደኝ። ከዚያ አሥራ ሁለት ልጅ መካከል አራቱ የምስክር ወረቀታቸው ይነካ ይሆናል፤ የእኔዋ አንዷ ናት። ይህን ሁሉ መዝኜዋለሁ። ከዚያ ደግሞ የበዓሉን መርሐ ግብር አየሁት፤ ታትሞ በየሱቁ ተለጥፏል። በባሕር የቀሩት ስም በተቀረጸበት ድንጋይ፣ አባታችን ባለበት፣ አበባ ለማኖር ሰልፉ ከጠዋቱ አራት ሰዓት በድልድዩ ያልፋል ይላል። መቶ አርባ ልጆች፣ ከፊታቸው የትምህርት ቤቱ የሙዚቃ ቡድን። ቡድኑ ከሰሞኑ ወደብ ላይ፣ ከሰንሰለቱ አጠገብ ይለማመዳል። እግራቸውን እኩል ማንሳትና እኩል መጣል ነው የሚለማመዱት፤ ዘንድሮ በጣም ተሳክቶላቸዋል።

ስለዚህ ቦርግኒ የፌብሩዋሪና የማርች 2017 ገጾችን በስልኳ ፎቶ አንስታ ትላክልኝ። ደብተሩን ራሱን መላክ አያስፈልግም፤ አንድም ቃል መጨመር አያስፈልግህም። ከተላከ ራንዲ የትኞቹን መጋጠሚያዎች መክፈት እንዳለባት ታውቃለች። ሲኔቫ ግን ደብተሩ ቢመጣም ባይመጣም በምክር ቤቱ ስብሰባ ላይ ተነስታ ልትናገር ቆርጣለች፤ እኔም ወደ ባሕር የወሰድኳት እኔ ነኝ ብዬ ከጎኗ እቆማለሁ። ያለ ደብተሩ ግን ስሟን ለማዳን ጥፋቷን በጓደኞቿ ላይ ልትጥል ነው እንደሚሉ ከወዲሁ እየሰማሁ ነው። ፈተናውም ይቀርባታል፣ የሚያምናትም አታገኝም፣ ድልድዩም ይከፈታል።

ቦርግኒን ሳምልኝ፤ ማግኒ የቀይ እንጆሪ ማርማላታ አሽጋ አስቀምጣላታለች፣ ሰው ሲገኝ እንልካለን። ሲኔቫ «ለአጎቴ ከልቤ ሰላም በልልኝ፤ እንዳልተቆጣሁም ንገረው» ብላለች። ልጅህ አንግየርድ ደህና ናት፤ ስለ ደብተሩ ምንም አልነገርኳትም፣ ያ የአንተ ነው። የልጅ ልጅህ ሄርዲስ ከሙዚቃ ቡድኑ ገብታለች። ትንሹን ከበሮ ይዛለች፤ ከሁሉም ስለምታንስ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ነው ያሰለፏት። ዩኒፎርሙ እጅጌው ረዝሞባታል፤ ማግኒ አጥፋ ሰፍታላታለች። አያቴ ያየኛል ወይ ብላ ጠይቃኝ ነበር።

አራቱን መጋጠሚያዎች መፋቅ የሚጀምሩት በመጪው ሰኞ ነው። የማዘጋጃ ቤቱ ምክር ቤት ድልድዩን ለመክፈት ወይም ላለመክፈት የሚወስነው ማክሰኞ ሜይ 14 ቀን፣ ከምሽቱ በአሥራ ሁለት ሰዓት ነው።

ወንድምህ ሃልቫርድ
ቴርንቪክ፣ ሜይ 2 ቀን 2019