ስለ ወይዘሮ ሃዎ ዓይን የተጠየቀ ፈቃድ

ለተከበሩ ጓድ ወልደጻድቅ፣
የድርጅታችን ዋና ሥራ አስኪያጅ
ድሬዳዋ፣ ሚያዝያ 1974 ዓ.ም.

ጓድ ሥራ አስኪያጅ፣ የድሬዳዋ ሙቀት እንዳልከበደዎት፣ ስብሰባዎቹም ጤናዎን እንዳልነኩት ተስፋ በማድረግ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ የቢሮዎን ወለል የምወለውለው የጽዳት ሠራተኛ አስካለማርያም ነኝ። ይህን ጽሑፍ በሠራተኛው የሂስ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት ደፍሬ አይደለም፤ ሰሌዳው በተሰቀለ ዕለት የተነበበልን መልእክትዎ ማንም ሠራተኛ ሐሳቡን ያለ ፍርሃት እንዲጽፍ ስለሚጋብዝ፣ ቀደም ሲል የላክኋቸው ደብዳቤዎችም ጠረጴዛዎን እያጣበቡ እንዳይሆን ስለሰጋሁ ነው።

ጉዳዩ አጭር ነው። መጋላ ሰፈር ውስጥ በአንድ ግቢ የምንኖር ጎረቤቴ ወይዘሮ ሃዎ ሁለቱም ዓይኖቿ በሞራ ተሸፍነዋል። ሞራውን የሚገፍፍላት አዲስ አበባ ያለ ሐኪም ለግንቦት መጀመሪያ ቀጥሯታል፤ ይህ ካለፈ ተራዋ መቼ እንደሚደርስ እርሱም አያውቅም። ልጅ የላትም፤ አማርኛዋም ከገበያ አያልፍም። ይዣት ሄጄ በሐኪሙ ፊት አፍ የምሆናት እኔ ስለሆንኩ፣ ያለ ደመወዝም ቢሆን የአንድ ሳምንት ፈቃድ ጠይቄ ነበር። መልሱን ስጠብቅ ላገኘሁት መስተንግዶ ምስጋናዬ እነሆ።

አንደኛ፣ የሠራተኛ አስተዳደሩን ጓድ ዓብዱልአዚዝን አመሰግናለሁ። ምንሽ ናት ብለው ጠየቁኝ፤ ጎረቤቴ ናት አልኳቸው። ደንቡን ገልጠው ጎረቤት የሚል እንደሌለበት አሳዩኝ። የሥጋ ዘመድ ሞቶብኝ ቢሆን ግን የሐዘን ፈቃድ በዚያው ሰዓት ይጻፍልኝ እንደነበር በትሕትና አስረዱኝ። ወይዘሮ ሃዎ በሕይወት መኖሯ፣ የእናቴም ልጅ አለመሆኗ በድርጅቱ ላይ ስላስከተለው ችግር በእርሷ ስም ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከደንቡ ውጭ መፍቀድ የሚችሉት እርስዎ ብቻ መሆንዎን የነገሩኝም እሳቸው ናቸው።

ሁለተኛ፣ ጸሐፊዎን ወይዘሪት የሺአረግን አመሰግናለሁ፤ በሄድኩ ቁጥር ስብሰባ ላይ መሆንዎን ሳትሰለች ነግራኛለች። አንድ ቀን የስብሰባውን ርእስ ብጠይቃት የሥራ መጓተትን ስለማስወገድ ነው አለችኝ፤ ውሳኔ ላይ ስላልተደረሰ በሚቀጥለው ሳምንትም ይቀጥላል አለች። እኔ ፊደል የለየሁት ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ነው። ወሬው ሁሉ መሀል ላይ የተቀደደ ስለነበር፣ መጨረሻው የማይመጣ ነገር መጠበቅ ያን ጊዜ ነው የለመድኩት።

ሦስተኛ፣ ኮትዎን አመሰግናለሁ። ድሬዳዋ ላይ ኮት የሚለብስ ሰው ስለማላውቅ፣ ወንበርዎ ላይ ባየሁት ጊዜ እንግዳ ረስቶት የሄደ መስሎኝ ነበር። ኋላ ግን ኮቱ ካለ አለቃው አለ ማለት እንደሆነ ተነገረኝ፤ ከዚያ ወዲህ በየማለዳው አቧራውን አራግፌ ትከሻውን እያስተካከልኩ አስቀምጠዋለሁ። አንድ ቀን ተሳስቼ እንደምን አደሩ ብዬዋለሁ። አልመለሰልኝም፤ ከመሥሪያ ቤቱ አሠራር ጋር የሚስማማ ስለሆነ አልተቀየምኩም።

ቀጥሎ ያለው ቅሬታ ስላልሆነ ቁጥር አልሰጠሁትም። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የሞተ ዕለት ፈቃድ መጠየቅ አፍሬ የዚህን መሥሪያ ቤት ኮሪደር ስጠርግ ዋልኩ። አጠገቡ ተቀምጣ ከንፈሩን በውሃ እያራሰች የሸኘችው ወይዘሮ ሃዎ ናት፤ ዓይኑንም የከደነችው እርሷ ናት። ያን ዕለት ምንሽ ነው ብሎ የጠየቃት አልነበረም።

ስለዚህ ጓድ ሥራ አስኪያጅ፣ ዝምታዎን እንደ ክልከላ ለመቁጠር ለእርስዎ ያለኝ አክብሮት አይፈቅድልኝም። እንደ ፈቃድ ቆጥሬዋለሁ። ወይዘሮ ሃዎና እኔ ቅዳሜ በባቡር እንሄዳለን። ስመለስ ሌላ ሰው ወለሉን ሲወለውል ባገኝ፣ ከእርስዎ የደረሰኝ የመጀመሪያ መልስ ስለሚሆን በታላቅ አክብሮት እቀበለዋለሁ።

ስብሰባዎ እንዲያልቅ፣ ዕድሜዎም ከስብሰባው እንዲረዝም ከልብ እየተመኘሁ፣

ባልዲና መወልወያዋን አጥባ በቦታቸው ያስቀመጠች
አክባሪዎ
ወይዘሮ አስካለማርያም

ማስታወሻ፦ ይህን ጽሑፍ ከመለጠፌ በፊት ወደ ሶማሊኛ እየመለስኩ ለወይዘሮ ሃዎ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣ አቦ፣ ሰውየው ግን ምን ይመስላል ብላ ጠየቀችኝ። ሁለት ጤነኛ ዓይን ይዤ የምነግራት አጣሁ።