የጾሙ ድስትና የጣና ዓሣ

ዓርብ፣ ጥር 22፣ ጧት 1 ሰ.

እስቴ መናኸሪያ ነኝ። አውቶቡሱ አልሞላም። ረዳቱ «ደብረ ታቦር! ደብረ ታቦር!» እያለ ይጮኻል፤ ውስጥ ያለነው ስድስት ሰዎች ነን። ፈተና አልቋል፣ ት/ቤት ዝግ ነው። ባ/ዳር ልሄድ ነው። ቅዳሜና እሑድ ዓሣ በልቼ ልመለስ። እንዲህ ሲጻፍ ያሳፍራል።

ግን ወንድሜ ይታያል ያለኝ ነው። ከሞተ ስድስት ወሩ፤ መልእክቱን ከስልኬ አላጠፋሁትም። «አሥራ አንደኛ ስትገባ ትመጣለህ። ወረታ ላይ ሸንኮራ። ቅዳሜ ምሳ ሙሉ ዓሣ ጥብስ፣ በእጅ። ከዚያ ስፕሪስ። እሑድ ጧት የዓሣ ሾርባ፣ ሎሚ አብዝተህ። አትከራከረኝ።»

እማየ በሶ ቋጠረችልኝ። ለይታያል ትቋጥርበት የነበረው ያው ጨርቅ ነው። ለሙሉቀን ስጠው አለች። (ሙሉቀን ባ/ዳር ከይታያል ጋር ይማር የነበረ የክፍል ጓደኛው ነው፤ ና ብሎ የጠራኝም እሱ ነው።) ሌላም ልትለኝ ፈልጋ ነበር፣ ተወችው። እኔም የምነግራት ነበረኝ፣ ተውኩት።

ሞላ። እየሄድን ነው።

ዓርብ፣ 8 ሰ.፣ ወረታ

ሸንኮራ ገዛሁ። አጠገቤ ያሉት አዛውንት ልጣጩን በጥርሴ ስልጥ አይተው ቢላዋ አወጡልኝ። እስቴ ብርድ ነበር፤ እዚህ ሹራቤን አወለቅሁ። ሜዳው ሁሉ ሩዝ የታጨደበት ነው። ይታያል እዚህ ጋ ሁልጊዜ ይደውል ነበር፣ አፉ ሞልቶ። ምን እንደሚል አይሰማም። እማየ ስልኩን ወደኔ ትወረውራለች፣ «በልቶ ይጨርስና ይደውል» እያለች።

ደብተሬ፣ ስለ ድስቱ ላንተም ጽፌልህ አላውቅም። አሁን ልጻፈው።

አምና፣ በገና ጾም። ይታያል ከባ/ዳር የተጠበሰ ዓሣ በጋዜጣ ጠቅልሎ መጣ። በከተማው ዓሣ በጾም ይበላል አለ። እማየ በኛ ደብር አይበላም አለችው። አልተጣሉም። ከቤት ውጭ ብላው አለችው፣ ወይራው ሥር ተቀምጦ በላ። የተረፈውን አስቀመጠልኝ። በማግስቱ እማየ ቤ/ክ ስትሄድ፣ ሞቆ እንዴት እንደሚጥም ልየው ብዬ በጾሙ ድስት አሞቅሁት። ቅቤ ነክቶት የማያውቅ የሸክላ ድስት ነው፣ የጾም ሽሮ ብቻ የሚሠራበት። ከእናቷ የወረሰችው።

ከበሩ ሸተታት። ማነው አለች። ይታያል አየኝና «እኔ ነኝ» አለ።

ድስቱን ዶሮ ቤት ወረወረችው። እሱን ቀኑን ሙሉ አላናገረችውም። ጧት በሶ ሳይቋጠርለት ሄደ። ለፋሲካ መንገድ ተዘጋ፣ አልመጣም። በሐምሌ ወባ ያዘው። አስከሬኑ ነው የመጣው።

ቅዳሜ፣ ጥር 23፣ ከሰዓት

በላሁ። የተጠበሰው ዓሣ ከነጭንቅላቱ፣ ከነዓይኑ፣ ሰሃኑን ሞልቶ መጣ። ሐይቁ ከጠረጴዛው ሃያ እርምጃ አይሆንም። እጄን ሰብስቤ ተቀመጥኩ። ሙሉቀን ሳቀብኝ፤ የእስቴ ሰው ዓሣ ሲያይ እባብ ያየ ይመስለዋል አለ። «ቅርፊት ያለው ነው፣ ቆሮሶ ነው፣ አትፍራ። ቅርፊት የሌለውን፣ አምባዛ ባበላህ ነበር ንስሐ የምትገባው።» ይታያልም መጀመሪያ ቀን ዓይኑን በሶፍት ሸፍኖለት ነው የበላው አሉ። የዓሣውን ዓይን።

እኔም ሸፈንኩለት። ከዚያ በእጄ። ቆዳው ይንኮሻኮሻል፣ ውስጡ ነጭ፣ ትኩስ። ዳጣው ጆሮ ድረስ ያቃጥላል። በድስት ካሞቅሁት ጋር አይገናኝም። ያ ቀዝቅዞ የደረቀ ነበር፤ ለሱ ብዬ ነው ያን ሁሉ ያደረግሁት።

ሙሉቀን በሶውን ሲፈታ የድስቱን ወሬ አነሳ። ይታያል እየሳቀ ነግሮት ነበር፣ እንዴት ድስት እንዳስፈሰከ። የራሱ ጥፋት አድርጎ። እኔ ነኝ ያሞቅሁት አልኩት። ወጣልኝ፣ ሳላስበው። «እና ለእኔም ዋሸኝ፣ ይሄ ልጅ?» አለና በሶው ላይ ጎንበስ አለ። ቀና ሲል ዓይኑ ቀልቷል።

ከዚያ የማላውቀውን ነገረኝ። እማየ ለሙሉቀን ትደውልለታለች። ሁልጊዜ አንድ ነገር ትለዋለች፦ በድስት ምክንያት ልጄን ያለ ስንቅ ሰደድኩት።

ስፕሪሱን ጀምሬ ተውኩት። ማንጎው ከላይ፣ አቮካዶው ከታች፤ እንዳለ ቀረ።

እሑድ፣ ጥር 24፣ ጧት

የዓሣ ሾርባ። ሎሚ ሦስት ጨመቅሁበት። ሐይቁ ዳር ሰዎች ዓሣ ያጸዳሉ፤ ትልልቅ ነጫጭ ወፎች እንደ ለቅሶ ቤት ሰው ተደርድረው ይጠብቃሉ። ይታያል የነነዌ ጾም ሊገባ ሲል፣ ዓሣ ዮናስን ስለዋጠው ነው የምንበቀለው እያለ ሁለት ሳህን ይጠጣ ነበር አለኝ ሙሉቀን። ሳቅሁ። ከሐምሌ ወዲህ እንዲህ ስቄ አላውቅም።

ዝርዝሩ አለቀ። ከሾርባው በኋላ ይታያል የጻፈው የለም።

ሙሉቀንን ጠየቅሁት፦ ብነግራት ይቀላታል ወይስ ይብስባታል? ያለጥፋቱ ነው የተቆጣሁት ብላ ብትሞትስ? አላውቅም አለኝ። «ግን ለእኔ ነግረህ ምን ታተርፋለህ፣ ወንድምዓለም? እኔ ድስት የለኝም።»

ዓሣ ይዤ አልገባም፤ ነገ ጾም ነው። ሎሚ ብቻ ገዛሁ። አውቶቡሱ 4 ሰ. ላይ ነው።

ሰኞ፣ ጥር 25፣ 9 ሰ.

ቤት። ትናንት ማታ ስገባ፣ እማየ ምን ምን በላህ አለችኝ። አንድ በአንድ ነገርኳት፣ ሸንኮራውን፣ ዓይኑን በሶፍት መሸፈኑን። አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች። ይታያልም እንዲህ አደረገ ወይ አለች። አዎ አልኳት። ስለ ድስቱ ግን አልቻልኩም።

ዛሬ የነነዌ መጀመሪያ ነው። እማየ ቅዳሴ ናት፣ አባየ አውድማ። ዶሮ ቤት ገባሁ። ድስቱ አልተሰበረም፤ ጠርዙ ብቻ ተሸርፏል። ዶሮዎቹ ውሃ ይጠጡበታል። በአመድ አሸሁት፣ በሎሚ አሸሁት፣ ሦስት ጊዜ አለቀለቅሁት። ፀሐይ እንዲመታው ደጃፍ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ልታልፍ ስትል ታየዋለች።

ቅዳሴ ወጥቷል። ነጠላ የለበሱ ሴቶች በአቀበቱ እየመጡ ነው፤ ሦስተኛዋ እሷ ናት። ማን አወጣው ትላለች። ያን ጊዜም እንዲህ ነው የጠየቀችው፣ ማነው ብላ። ዛሬ የሚመልስልኝ የለም። እኔ ነኝ እላታለሁ። ያወጣሁትም እኔ ነኝ፣ ያኔም